የመውጫው ቀን፦ ሕፃን ከሆስፒታል ሲወጣ ለቤተሰቡ የምንነግረው

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ጉባኤ ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ)



እኔ ከዚህ ግቢ የወጣሁት በጤና መኮንንነት ነው። የሕፃናት ሐኪምነቱ ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ የመጣ ነው። የማኅበሩ አስተባባሪዎች «ስለ ሕፃናት ሕክምና ሃያ ደቂቃ ንገሪን» ሲሉኝ፣ አንድ ሁለት ወዳጆቼ ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያው፣ ስለ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች እንድናገር መክረውኝ ነበር። ትልቅ ጉዳዮች ናቸው፤ ግን ስለ እነሱ የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ የመረጥሁት ብዙም የማይወራላትን አምስት ደቂቃ ነው። ሕፃኑ ተሽሎታል፣ ካኑላው ከእጁ ተነቅሏል፣ አባት ሒሳብ ሊዘጋ ወርዷል፣ እናት ዕቃዋን በፌስታል ጠቅልላ ልጇን አዝላለች። ኢንተርኑ ወረቀት ያቀብላታል። «መድኃኒቱን በደንብ ስጪው፣ ካልተሻለው ተመለሺ» ይላታል። አለቀ።

«ይህን ምን ትልቅ ነገር አደረግሽው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. «ቼይን» የተባለ የተመራማሪዎች ኅብረት አንድ ጥናት አሳተመ። በአፍሪካና በደቡብ እስያ በሚገኙ 6 አገሮች፣ በ9 ሆስፒታሎች ታመው የተኙ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው 3,101 ሕፃናትን ከተኙበት ጊዜ አንሥቶ ከወጡ በኋላም ለስድስት ወር ተከታተለ። ከእነዚህ 350ው ሞቱ። ከሞቱት ውስጥ 48 በመቶ የሚሆኑት ያረፉት በሆስፒታል አልጋ ላይ እያሉ አይደለም፤ ከወጡ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት። በዎርድ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲሞት ስብሰባ እንቀመጣለን፣ የሞት ግምገማ እናደርጋለን፣ ያላየነው ላቦራቶሪ አለ ወይ እንላለን። ከበሩ ውጭ ስለሚሞተው ግን መዝገባችን ላይ የተጻፈው «ተሽሎት ወጣ» የሚል ነው።

አገራችን በዚያ ጥናት ውስጥ የለችም። የሞቱትም ሁሉ ምክር ጎድሏቸው ነው አልልም። ጥናቱ ራሱ የሚያሳየው የምግብ እጥረቱን፣ ሥር የሰደደውን ሕመም፣ የቤቱን ችግር፣ የእናትየዋን የራሷን ሁኔታ ነው። ምክር እንቁላል አይገዛም። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በእኛ እጅ ያለችው፣ ያለ በጀት ያለ ጨረታ ነገ ጠዋት ልትሻሻል የምትችለው፣ ያቺ አምስት ደቂቃ ናት።

ደግሞ የኛን አገር ታሪክ እዩ። በ1990 እ.ኤ.አ. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 204 የሚሆኑት አምስተኛ ዓመታቸውን አያዩም ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 68 ደረሰ፤ የሚሌኒየሙ ግብ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድሞ ተሳካ። ይህን ያመጣው ማን ነው? እኛ የሆስፒታል ሰዎች ብቻችንን አይደለንም። ክትባቱ ነው፣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጇ ሲያስቀምጠው ምን እንደምታደርግ ያወቀች እናት ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ 59 ሆኗል። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከሦስት ዓመት በፊት 29 የነበሩት 33 ሆነው ተመዘገቡ። ቢያንስ አልወረደም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዎርዱ እንግባ። ራውንድ ላይ ነን። ሬዚደንቱ በእንግሊዝኛ ያቀርባል፣ እኛም በእንግሊዝኛ እንጠይቃለን፣ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። እናትየዋ አልጋው ራስጌ ቆማ ፊት ፊታችንን ታያለች። አንዳችን ፊታችንን ካጨማደድን ልጇ ሊሞት ነው፤ ከሳቅን ድኗል። የሰባት ቀን ሕክምናውን ከገጽታችን ነው የምታነበው። መጨረሻ ላይ የምንሰጣት የመውጫ ወረቀትም እንግሊዝኛ ነው። እርግጥ ወረቀቱ ለሚቀጥለው ሐኪም ነው የሚጻፈው፤ ጥፋት የለውም። ጥያቄው ለእሷስ ምን ተጻፈላት ነው።

አማርኛ ስንናገርም ቢሆን ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ልጅሽን የያዘው የሳንባ ምች ነው» እንላለን። ለእኛ ቃሉ ግልጽ ነው። እሷ ግን ስለ ምች ከእኛ በፊት ነው የምታውቀው። ምች ፀሐይ ሲመታ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱም ጓሮ የበቀለው ዳማከሴ ነው። ስለዚህ «ምች» ብለን ስናበቃ አሞክሳሲሊኑን አምስት ቀን አሟልታ እንድትሰጥ መጠበቅ ሳያስረዱ መፍረድ ነው። እኔ አሁን «ምች ሲባል ያ የፀሐዩ ምች አይደለም፤ ሳንባው ውስጥ ጀርም ገብቶ አየር የሚገባበትን ቦታ ዘግቶበታል፣ ለዚህ ነው የሚያለከልከው» ማለት እመርጣለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጨምረው።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። አንዲት እናት የጆሮ ኢንፌክሽን የነበረበትን ልጇን ከሳምንት በኋላ መልሳ አመጣችው፤ መግሉ አልቆመም። መድኃኒቱን ትሰጭው ነበር? አዎ። በስንት ሰዓት? «እንዳላችሁኝ ነዋ፣ በስምንት ሰዓት።» በቀን ስንቴ? «አንዴ ነዋ! ስምንት ሰዓት በቀን ስንቴ ይሆናል?» መድኃኒቱን የሰጣት ሰው «በየ8 ሰዓቱ» ነበር ያላት። ሴትየዋ ምሳ አቅርባ፣ ሰዓቷን ጠብቃ፣ አንድም ቀን ሳታዛንፍ ሰጥታለች። እንዲያውም ከብዙዎቻችን የበለጠ ታዛዥ ናት! እንግዲህ ሰዓታችን ከጠዋት የሚቆጠርባት አገር ውስጥ «በየ8 ሰዓቱ» ማለት ለማን ነው የሚጠቅመው? «ጠዋት ስትነሱ፣ ቀን ምሳ ሰዓት፣ ማታ ስትተኙ» ቢባል ለመድኃኒቱ ይበቃዋል።

ማንኪያም እንደዚሁ ነው። «አንድ የሻይ ማንኪያ» ስንል 5 ሚሊ ሊትር ማለታችን ነው። ቤት ያለው ማንኪያ ግን የሻይም አለ፣ የሾርባም አለ፣ ሁለቱም «ማንኪያ» ነው የሚባለው። ከሽሮፑ ጋር ያለውን መለኪያ አውጥቶ፣ እሷው በእጇ አንዴ እንድትቀዳ ማድረግ ሠላሳ ሰከንድ አይወስድም።

በዚህ ግቢ የተማርን ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረብን፤ እንዲያውም ለዚህ ነው የተቋቋምነው። ወጣቶቹ መምህራን ታውቁታላችሁ፣ ግን መደገሙ አይከፋም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብሮ አሠልጥኖ አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ አንዱ ምንጩንና ሽንት ቤቱን ያያል። ያው ሐሳብ ነው በቲቲፒ እስከኛ ዘመን የደረሰው።

ቆላ ድባ ለቲቲፒ የወጣን ጊዜ አንድ ቤት ገባን። ልጇ በተደጋጋሚ ተቅማጥ የያዘው እናት ናት። ከቡድናችን አንዱ «ውኃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ አጠጪው» ብሎ ማስተማር ጀመረ። የአካባቢ ጤና ተማሪው ጓደኛችን ዝም ብሎ ጓዳዋን ሲያይ ቆየና «እንጨቱን ከየት ነው የምታመጪው?» አላት። በእጇ ወደ ማዶ አሳየችን። «ለእንጀራውም አልበቃኝ፣ ለውኃ ላቃጥል?» አለች። አልተቆጣችም፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። ከዚያ ወሬው ሁሉ ተቀየረ። እንስራው ክዳን እንዲኖረው፣ ኩባያ እየተነከረ እንዳይቀዳ፣ ክሎሪን ከጤና ጣቢያው እንዴት እንደምታገኝ፣ ልጁ ከተጸዳዳ በኋላ እጇን በምን እንደምትታጠብ። ሳሙና ከሌለ በአመድ። እነዚህን ልታደርጋቸው ትችላለች። የመጀመሪያው ምክር እውነት ነበር፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ መቀመጫ አልነበረውም።

ተቅማጥን ካነሣን አይቀር ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን፣ ማለት ኦአርኤሱን፣ ዘርዘር አድርጌ ላንሣ። ሞያችንን የምታሳፍር ነገር ብትኖር ይህች ናት፤ በሳንቲም የምትገዛ፣ የስንቱን ሕፃን ሕይወት ያተረፈች፣ ግን እንደ መድኃኒት የማትቆጠር። እናቶች ግሉኮስ እንዲሰካላቸው ነው የሚፈልጉት። ለምን አይፈልጉ? ግሉኮሱን ስንሰካ ሦስት ሰው ይሰበሰባል፣ ፕላስተር ይለጠፋል፣ በየሰዓቱ ይታያል። ኦአርኤሱን ግን እንደ ሎሚናት ዱቄት መስኮት ላይ ወርውረንላት እንሄዳለን።

አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው። «ሊትር» ካልን አልገባትም፤ «በአንድ ሊትሩ ሃይላንድ» ካልን ወዲያው ይገባታል። ግን የአንድ ሊትሩ መሆኑን አሳይታችሁ ነው፤ ግማሽ ሊትሩም ሁለት ሊትሩም ሃይላንድ ነው የሚባለው። ፓኬቱን ከፍላ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ የምትበጠብጥም አለች፤ ለመቆጠብ ብላ። ሙሉው በአንድ ጊዜ እንደሚበጠበጥ፣ ከተበጠበጠ በኋላ እንደማይፈላ፣ ከ24 ሰዓት ያለፈው እንደሚደፋ መናገር ያስፈልጋል።

መጠኑስ? መጽሐፉ የሚለው ሁለት ዓመት ላልሞላው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ቀን የቤቴን የቡና ስኒ በስሪንጅ ለካሁት፤ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ይዛል። እንግዲህ ለትንሹ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ ስኒ፣ ለተለቅ ያለው ሁለት ስኒ። ስኒ የሌለበት ቤት በአገራችን የለም ብል ማጋነን አይሆንም። በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ፣ ቀስ እያለ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ ከበፊቱ ቀስ ብሎ። ጡቱም ምግቡም አይቋረጥም።

ዚንኩ ደግሞ አለ። ስድስት ወር ለሞላው 20 ሚሊ ግራሟ አንድ ፍሬ፣ ላልሞላው ግማሿ፣ በቀን አንዴ፣ ለ10 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ዚንኩም አብሮ ይቆማል፤ ይህን በየቤቱ አይቼዋለሁ። «ተቅማጡ ቢቆምም የቀረችው ፍሬ ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት መከላከያው ናት» ስንላቸው ነው የሚጨርሱት። ምክንያቱን የነገርነው ሰው ይጨርሳል፤ ትእዛዝ የተሰጠው ሰው ሲሻለው ያቆማል። እኛስ ራሳችን አንቲባዮቲክ ስንወስድ እንዲያ አይደለን?

ሌላው የማነሣው ምክሩን ለማን ነው የምንነግረው የሚለውን ነው። ወረቀቱን የምንሰጠው ለእናትየዋ ነው። እሷ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት ያልዘለለች ልጅ ናት። ቤት ውስጥ የሚወስኑት አያት ናቸው፤ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሁላችንንም ይታዘቡናል።

አንድ የዘጠኝ ወር ልጅ በሳል ለሦስተኛ ጊዜ ተኝቶ ነበር። አያትየው ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ «ይኼ እንጥል ነው፤ አስቆርጠነው ቢሆን እዚህ አንመላለስም ነበር» ሲሉ የዎርዱ ሲስተር ሰማቻቸው። አልተቆጣችም፤ «ኋላ ቀር ልማድ» ብላ ንግግር አላደረገችም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ አይተው ያውቃሉ?»

«አይቼ ነው እንጂ ልጄ! የስንቱን።»

«ደሙ እምቢ ብሎ የቀረስ ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። «አዎን፤ የእኅቴ የልጅ ልጅ» አሉ። «አንድ ሌሊት አላደረም።»

ከዚያ ሲስተሯ የልጁን ልብስ ገለጥ አድርጋ የታችኛው ደረት ሲተነፍስ ወደ ውስጥ እንደማይሰረጉድ አሳየቻቸው። «እማማ፣ ሲመጣ ይኼ ቦታ ሲጎደጉድ ነበር፤ ያስታውሳሉ? አሁን ቀጥ ብሏል። ቤት ሄደው እንደገና እንደዚያ ሲሆን ካዩት ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ። ዓይንዎ ከእኛ ይልቅ ያያል።» አያትየው ከዚያ ቀን በኋላ ለዎርዱ ሁሉ ደረት ገላጭ ሆኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ጉሮሮውን በባትሪ አየሁት፤ እንጥሉ በቦታው አለ። ግግ ማስወጣትም፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልም ቢሆን መንገዱ ይኸው ይመስለኛል። ልማዱን የያዙት ሰው ልጁን ስለሚጠሉ አይደለም የያዙት።

ደረት መሰርጎድን ካነሣሁ፣ ተማሪዎች ትንፋሽ መቁጠር የሚማሩትን ያህል እናትየዋ እንድትቆጥር አይጠበቅም። ለእኛ ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ለእሷ «ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ የጎኑ ሥር ሲጎደጉድ» ይበቃታል። የቀሩት የአደጋ ምልክቶች አራት ናቸው፤ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከደነዘዘ ወይም አልነቃ ካለ። ከአንዱ በላይ መጠበቅ አያስፈልግም። «ካልተሻለው ተመለሺ» ከማለት እነዚህን መንገር ይሻላል፤ ምክንያቱም «አለመሻል» እስከ መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንዷ አንድ ቀን ትጠብቃለች፣ ሌላዋ የገበያ ቀኑን፣ ሌላዋ ባሏ ከእርሻ እስኪመለስ።

ስለ ፀሐይ ሳልናገር ብወርድ አንጀቴ አይችልም። በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትን ጥናት «ላንሴት» ላይ አሳትመው ነበር። የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት፣ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 210 የሚሆኑት ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 20 ብቻ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ ሳሉን የሚያስወጣበት አቅም የለውም። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» በሚባል አገር፣ ፀሐይ በማጣት! ምክንያቱ ተደብቆ አይደለም። ልጁ ይጠቀለላል፣ ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት። እዚህም ያቺው «ምች» መጣች። አሁን ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ልጅ ተጨምሯል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ በመስታወት ፀሐይ የሚሞቅ። በመስታወት የሚገባው ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ልጁ በጠዋት ልብሱ ወልቆ ወጣ ይበል፤ ሰው እንዳያየው ከተፈለገም በጓሮ በኩል ይሁን፣ እኛ ከዓይን ጋር ክርክር የለንም። የማይቻልበት ቤት ካለ ጠብታው አለ።

ጨቅላዎቹ ጋ እመለሳለሁ ብያለሁ። እናት ከወለደች በኋላ ወደ ቤት የምትሄደው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ነው፤ አምስት ደቂቃውም የለም። ለጨቅላ ልጅ ምልክቱ ይለያል። ትኩሳት ብቻ አይደለም፤ ገላው መቀዝቀዙም አደጋ ነው። ጡት እምቢ ማለቱ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀሱ፣ የእትብቱ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል፣ የእጁ መዳፍና የእግሩ ጫማ ቢጫ መሆን። እትብቱ ላይ ቅቤም አመድም አይደረግ።

የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት እያለቡ ስለሚደፉት ደግሞ፣ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድን ገበሬ ስታስረዳ የሰማሁትን ልጥቀስ። «ጋሼ፣ ጥጃ እንገር ሳይጠባ ያድጋል?» አለችው። ሳቀ። «ኧረ ምን በወጣው፣ አያድግም!» «ታዲያ ልጅህን ለምን ትከለክለዋለህ?» ይኼው ነው። ስለ ኢሚውኖግሎቡሊን ብትነግረው ኖሮ እስካሁን ያዳምጥ ነበር። ለጋ ቅቤ ማስዋጡንም በዚያው አነሣችለት፤ ጥጃ ቅቤ አይውጥምና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው አለኝ።

መምህራኑን፦ ተማሪው በተግባር ፈተና ላይ ልብና ሳንባ ማዳመጡን ትፈትኑታላችሁ። አንዲት ጣቢያ ጨምሩበት። እናት ሆና የምትሠራ ሰው ትቀመጥ፤ ተማሪው ልጇን ያስወጣ። ውጤቱ ተማሪው ባወራው አይሰጥ፤ እናትየዋ በመጨረሻ ደግማ በተናገረችው ይሰጥ። «ገባሽ?» ብሎ ጥያቄ የለም፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው፣ ሐኪም ፊት «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስላል። «ቤት ስትደርሺ ምን ምን እንደምታደርጊ እስቲ ንገሪኝ፤ ያስረዳሁሽ እኔ በደንብ መሆኑን ልይ» ይባላል። ነጥብ የተሰጠው ነገር ነው የሚጠናው፤ ሁላችንም ተማሪ ነበርን።

የማኅበሩን አባላት፦ በየሆስፒታሉ አላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ኃላፊዎች ናችሁ። ከእንግሊዝኛው ወረቀት ጋር የምትሰጥ ግማሽ ገጽ፣ በቤተሰቡ ቋንቋ፣ በሥዕል፣ ሥራ ላይ እናውል። በሥዕል ያልሁት ማንበብ የማይችሉ ብዙ ስላሉ ነው፤ ማንበብ የሚችለውም የታመመ ልጅ ታቅፎ አያነብም። ከታች የምትቆረጥ ቁራጭ አለቻት፤ እሷ ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ ትደርሳለች። እነዚህ ሠራተኞች ከ2002 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የሳንባ ምች እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከእኛ ዎርድ ልጅ ወደ ቀበሌያቸው እንደተመለሰ ግን የሚነግራቸው የለም። ስልክ ላለው ቤተሰብ ደግሞ በሦስተኛው ቀን አንድ ነርስ ትደውልለት። የአንድ ዎርድ የሞባይል ካርድ ወጪ የዚህን ጉባኤ የአንድ ቀን ሻይ ቡና አያክልም። ሻዩን አትጠጡ ማለቴ አይደለም!

የወረቀቷን ናሙና መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ሥዕሎቹን የሠራው የሕፃናት ክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ሃይላንዱንና ስኒውን አሳምሮ ስሏቸዋል፣ የደረቱ ሥዕል ግን ገና ይቀረዋል። እስክሪብቶ ይዛችሁ እዩት፣ በምትሠሩበት አካባቢ ሰው የማይረዳው ቃል ካለ አክብቡበት፣ ከምሳ በኋላ እሰበስባቸዋለሁ።